ሚኪ ሌላንድ ሕግ ማውጣትን የተማሩበት ቤት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በተለይ የሕዝብ ፖሊሲ፣ የሕግና የመንግሥት አስተዳደር ትምህርት ለምትከታተሉ ተማሪዎች የተሰናዳ ነው። በምክር ቤት ውስጥ ሕግ እንዴት እንደሚወለድ ማወቅ የምትሹ ሌሎች አድማጮችም አብራችሁን ቆዩ።

አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ በሚኪ ሌላንድ ስም የተሰየመ መንገድ አለ። በየቀኑ የሚመላለስበት ወጣት ስሙን ከታክሲ ረዳት አፍ ሰምቶት ይሆናል፤ ሰውየው ማን እንደነበሩ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ አድማጮች ታስታውሳላችሁ። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥታ በጋምቤላ ወደሚገኘው የፉኚዶ የስደተኞች መጠለያ ስትበር በመጥፎ የአየር ጠባይ ከተራራ ጋር ተጋጨች። ለቀናት ተፈልጋ ስትገኝ በውስጧ የነበሩት 16 ሰዎች በሙሉ ሞተው ነበር፤ አሜሪካውያንም ኢትዮጵያውያንም። የቡድኑ መሪ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ሚኪ ሌላንድ ነበሩ። ዕድሜያቸው ገና 44 ነበር።

እኛ የምናስታውሳቸው በአሟሟታቸው ነው። እኔ ዛሬ ስለ ሥራቸው ላወራችሁ ነው የመጣሁት፤ ከሥራቸውም ስለ መጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት። ሌላንድ ዋሽንግተን ከመግባታቸው በፊት ከ1973 እስከ 1979 የቴክሳስ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት አባል ነበሩ። እነዚህም ሆኑ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ ከእኛው የ77 ድርቅ በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እምነቴን ከወዲሁ ልናገር፦ ሌላንድ በእኛው የ77 ድርቅ ጊዜ ለመሥራት የቻሉትን ሁሉ የተማሩት በዚያ የክፍለ ግዛት ምክር ቤት ውስጥ ነው። አንድ የፖሊሲ ተማሪም ከኮንግረሱ ዘመናቸው ይልቅ ይህን ዘመናቸውን ቢያጠና የበለጠ ያተርፋል።

በአሜሪካ 50ዎቹም ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ አውጪ አላቸው። ለእኛ ቀረብ ያለው አምሳያ የክልል ምክር ቤት ነው። የዓለም ዜና የሚያወራው ስለ ዋሽንግተን ቢሆንም፣ የትምህርት ቤት በጀት፣ የወህኒ ቤት አያያዝ፣ የመራጮች ምዝገባ፣ የመድኃኒት ቤት ፈቃድ፣ በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ የሚከፈል ካሣ፣ እነዚህ ሁሉ በአብዛኛው የሚወሰኑት በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ነው። ሜሪላንድ ወይም ሚኔሶታ የሚኖሩ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ፤ የመንጃ ፈቃዳቸውም የልጆቻቸው ትምህርት ቤትም በክፍለ ግዛቱ ሕግ ሥር ነው።

የቴክሳስ ምክር ቤት 150 ተወካዮችና 31 ሴናተሮች አሉት። መደበኛ ስብሰባው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ከ140 ቀን ላይበልጥ የሚካሄድ ነው። ሌላንድ ሲገቡ የአንድ አባል ደመወዝ በዓመት 4,800 ዶላር ነበር። በዚህ ገንዘብ ቤተሰብ ማስተዳደር ስለማይቻል አባላቱ ሁሉ ሌላ እንጀራ ነበራቸው፤ ጠበቃው፣ ከብት አርቢው፣ ነጋዴው። ሌላንድ የመጡት ከፋርማሲ ሙያ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የተወለዱት በ1944 ሲሆን፣ ያደጉት ሂዩስተን ከተማ ውስጥ ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው ጥቁሮች የሚኖሩበት የድሆች ሠፈር ነው። አባት ከቤቱ ወጥቶ ስለነበር ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው። የተማሩትም እዚያው ሠፈር ባለው ፊሊስ ዊትሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በቴክሳስ ሳዘርን ዩኒቨርሲቲ ነው። የዚህ ዩኒቨርሲቲ አመሠራረት ራሱ የፖሊሲ ትምህርት ነው። ሂማን ስዌት የሚባል ጥቁር አመልካች በኦስቲን በሚገኘው ታላቁ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ልግባ ብሎ በፍርድ ቤት ሲከራከር፣ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት በሩን ከመክፈት ይልቅ በ1947 ለጥቁሮች የሚሆን ሌላ ዩኒቨርሲቲ አቋቋመ። ለማግለል ተብሎ ከተሠራው ከዚያ ግቢ፣ ውሎ አድሮ የቴክሳስን ሕግ የሚለውጡ ሰዎች ወጡ።

ከእነዚያ ሰዎች አንዷን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ባርባራ ጆርዳን ከሌላንድ በስምንት ዓመት ይበልጣሉ፤ ሠፈራቸው ያው ፊፍዝ ዋርድ፣ ትምህርት ቤታቸው ያው ዊትሊ፣ ዩኒቨርሲቲያቸውም ያው ነው። ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቀው ሂዩስተን ከተመለሱ በኋላ በ1962 ለቴክሳስ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድረው ተሸነፉ። በ1964 ደግመው ቢወዳደሩም ተሸነፉ። በ1966 ግን ለሴኔት ተወዳድረው በሰፊ ልዩነት አሸነፉ፤ ከ1883 ወዲህ በቴክሳስ ሴኔት የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆኑ።

በ1964 እና በ1966 መካከል ምን ተለወጠ? ሴትየዋ ያው ናቸው። ሠፈሩም፣ መራጩም ያው ነው። የተለወጠው ካርታው ነው። በፊት የሂዩስተን ተወካዮች የሚመረጡት መላው ካውንቲ (አውራጃ እንደማለት ነው) በአንድነት ድምፅ እየሰጠ ስለነበር፣ የፊፍዝ ዋርድ ሕዝብ ሙሉ በሙሉ ቢደግፋቸው እንኳ ድምፁ በካውንቲው ብዛት ይዋጥ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 የምርጫ ወረዳዎች በሕዝብ ብዛት እኩል ይሁኑ ብሎ ከወሰነ በኋላ ካርታው እንደገና ሲሠራ፣ ጥቁሮች፣ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ዜጎችና የፋብሪካ ሠራተኞች የሚኖሩበት አዲስ የሴኔት ወረዳ ተፈጠረ። በዚያው በ1966 ድምፅ ለመስጠት ይከፈል የነበረው ግብር በፍርድ ቤት ተሻረ። ለተወካዮች ምክር ቤትም በ1972 የሂዩስተን አካባቢ በየወረዳው አንድ ተወካይ ወደሚመረጥበት ሥርዓት ሲዞር የ27 ዓመቱ ሚኪ ሌላንድ በሩ ተከፈተላቸው።

ወጣቶች፣ ስለ አንድ መሪ ስታነቡ ጽሑፉ ስለ ቆራጥነቱና ስለ አንደበቱ ብዙ ያወራችኋል። እናንተ ግን መጀመሪያ ሰውየው የተመረጠበትን ካርታና የምርጫ ሕግ ፈልጉ። ጆርዳን ሁለት ጊዜ የወደቁት ድፍረት አንሷቸው አልነበረም።

ሌላንድ በጥር 1973 የምክር ቤቱ መቀመጫ ወደሆነችው ኦስቲን ሲደርሱ አለባበሳቸው መነጋገሪያ ሆነ። ጸጉራቸው አፍሮ፣ ልብሳቸው ባለ ብዙ ቀለም ዳሺኪ፣ ጫማቸው ባለ ወፍራም ሶል፣ በትከሻቸው የቆዳ ቦርሳ። ካውቦይ ባርኔጣና ሙሉ ልብስ በለመደው ምክር ቤት ይህ ትልቅ ትዕይንት ነበር። የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፉ ሰዎች ይህን ገጽታ ይወዱታል። እኔ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ከዳሺኪው ሥር የነበረው የሙያ ዕውቀት ነው።

ሌላንድ በ1970 በፋርማሲ ተመርቀው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ለጥቂት ጊዜ አስተምረዋል፤ በድሆች ሠፈሮችም የጤና ምርመራ ቤት ለቤት እንዲሰጥ አደራጅተዋል። ስለዚህ በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የሚሆነውን በዓይናቸው ያውቁታል። አንዲት የደም ግፊት ያለባቸው አሮጊት የሐኪም ማዘዣ ይዘው ወደ መስኮቱ መጡ እንበል። ሐኪሙ የጻፈው የመድኃኒቱን የንግድ ስም ነው። ፋርማሲስቱ ያንኑ ንጥረ ነገር፣ በዚያው መጠን፣ ሌላ ኩባንያ ሠርቶት በመደርደሪያው ላይ በረከሰ ዋጋ እንዳለ ያውቃል። አሮጊቷ ገንዘባቸው እንደማይበቃም ያያል። ነገር ግን ቀይሮ ቢሰጣቸው ሕግ ተላለፈ ይባላል። በ1950ዎቹ ውስጥ አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ፋርማሲስት በሐኪም የታዘዘን የንግድ ስም እንዳይቀይር የሚከለክል ሕግ አውጥተው ነበር። የተሰጠው ምክንያት አስመስለው የተሠሩ መድኃኒቶችን መከላከል ነው፤ ክፉ ምክንያት አልነበረም። ውሎ አድሮ ግን ክልከላው የታወቁ ስሞች ባለቤት የሆኑትን ኩባንያዎች ገበያ የሚጠብቅ አጥር ሆነ፤ የአጥሩን ዋጋ የሚከፍሉት ደግሞ እኒያ አሮጊት ናቸው።

አንድ የፖሊሲ ተማሪ ይህን ሲሰማ ቶሎ ብሎ «ክልከላው ይነሣ» ይላል። አዎ፣ ይነሣ። ግን ረቂቁን ለመጻፍ ብዕር ስታነሡ ጥያቄው ይጀምራል። ሁለቱ መድኃኒቶች እኩል መሆናቸውን ማን ያረጋግጣል? ፋርማሲስቱ ቀይሮ ሰጥቶ በሽተኛው ቢጎዳ ተጠያቂው ማን ነው? ሐኪሙ «ይህ አይቀየር» ለማለት ቢፈልግ በማዘዣው ላይ የት ይፈርማል? በሽተኛዋ መቀየሩን ማወቅ አለባቸው? የዋጋው ልዩነትስ ኪሳቸው ይገባል ወይስ መድኃኒት ቤቱ ያስቀረዋል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በስተጀርባም የሐኪሞች ማኅበር፣ የፋርማሲስቶች ማኅበር፣ የአምራቾች ጠበቃ ቆሞ ይጠብቃል።

ሌላንድ ይህን ሥራ ሠሩ። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው የቴክሳስ ነዋሪዎች በረከሰ ዋጋ የሚሸጠውን፣ የንግድ ስም የሌለውን መድኃኒት እንዲያገኙ ያስቻለው ሕግ እንዲወጣ ታግለዋል። ቀጥሎ የሆነውን ተመልከቱ። በ1970ዎቹ ክልከላውን እያነሡ ያሉ ክፍለ ግዛቶች «የትኛው መድኃኒት ከየትኛው ጋር እኩል እንደሆነ ዝርዝር ስጡን» እያሉ የፌደራሉን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ወተወቱ። መሥሪያ ቤቱ በ1980 ያንን ዝርዝር በመጽሐፍ አወጣ፤ በሽፋኑ ቀለም ኦሬንጅ ቡክ የሚባለው፣ እስከ ዛሬም የሚሠራበት ይኸው ነው። በ1984 ደግሞ ኮንግረሱ የእነዚህን መድኃኒቶች አፈቃቀድ የሚያቀልል ሕግ አወጣ። ነገሩ ከየክፍለ ግዛቱ ተነሥቶ ነው ዋሽንግተን የደረሰው። «የክልል ምክር ቤት ምን አቅም አለው» የሚል ተማሪ ሲያጋጥመኝ የምነግረው ይህን ታሪክ ነው።

ከመድኃኒቱ ሌላ ሌላንድ የወህኒ ቤቶችን ይዞታ የሚመረምረው የጋራ ኮሚቴ ምክትል ሰብሳቢ ሆነው ሠርተዋል። በ1974 የሆነውን ግን ትንሽ ዘርዘር ላድርግላችሁ። የቴክሳስ ሕገ መንግሥት የጸደቀው በ1876 ነው። ብዙ ጊዜ ከመሻሻሉ የተነሣ ተጠጋግኖ ለማንበብ የሚያስቸግር ሆኗል። ስለዚህ 181ዱ ተወካዮችና ሴናተሮች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው አዲስ ሕገ መንግሥት እንዲያረቅቁ ተወሰነ፤ ሌላንድም ከነሱ አንዱ ናቸው። ከጥር እስከ ሐምሌ መጨረሻ ተከራከሩ። ረቂቁን ለሕዝብ ለማቅረብ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ ይህም 121 ድምፅ ነው። በመጨረሻው ቀን ሲቆጠር 118 ሆነ። በሦስት ድምፅ የሰባት ወር ሥራ ከንቱ ቀረ።

ሦስት ሰው! አስቡት እንግዲህ፤ በአንድ ምሳ ላይ ሊነጋገሩ የሚችሉ ሦስት ሰዎች። በምክር ቤት ሕይወት ሐሳብ ጥሩ መሆኑ የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም። ማን ይደግፋል፣ ማን ይቃወማል፣ ማን ገና አልወሰነም፣ ያልወሰነውስ ምን ቢጨመርለት ይመጣል የሚለውን በስም እየቆጠሩ መያዝ ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ ባርባራ ጆርዳንን የሚስተካከል አልነበረም። በጊዜው በቴክሳስ ሴኔት የቆየ አሠራር ነበር። ስብሰባው ሲከፈት ማንም ሊያጸድቀው የማያስበው አንድ ተራ ረቂቅ ከአጀንዳው አናት ላይ ይቀመጣል። ያ ረቂቅ ስለማይነሣ ሌላው ረቂቅ ሁሉ የሚታየው ተራውን ዘሎ ነው፤ ተራ ለማስዘለል ደግሞ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከ31 ሴናተሮች የ21ዱ ስምምነት ያስፈልጋል። በተቃራኒው ካየነው 11 ሴናተሮች ከተስማሙ ማንኛውም ረቂቅ ለክርክር እንኳ አይቀርብም ማለት ነው። ጆርዳን ይህን አሠራር ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በ1967፣ ገና በመጀመሪያው ዘመናቸው፣ የመራጮችን ምዝገባ ይበልጥ የሚያጠብ ረቂቅ ሲመጣ በአዳራሹ ቆመው አልጮኹም። አሥር ሴናተሮችን አንድ በአንድ አነጋግረው ቃል አስገቡ። ራሳቸውን ሲጨምሩ 11 ሆኑ። ከዚያም ወደ ረቂቁ ባለቤት ሄደው ድምፅ እንደማያገኝ ነገሩት። ረቂቁ ሳይነሣ ቀረ።

አሜሪካ ባርባራ ጆርዳንን የምታስታውሳቸው በድምፃቸው ነው። የኮንግረስ አባል ከሆኑ በኋላ በሐምሌ 1974 በፕሬዚዳንት ኒክሰን ከሥልጣን የመነሣት ጉዳይ ላይ በቴሌቪዥን ያሰሙት ንግግርና በ1976 በዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ላይ ያደረጉት ንግግር እስከ ዛሬ ይሰማል። ይሁንና ለሠራተኛው የሚከፈለው የጉዳት ካሣ ከ12 ዓመታት በኋላ ከፍ እንዲል ያደረጉት፣ በፌደራሉ ሕግ ላልታቀፉ ሠራተኞች የመጀመሪያው የቴክሳስ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰን የታገሉት ማይክሮፎን በሌለበት ቦታ ነው፤ በመተላለፊያ፣ በቢሮ፣ በኮሚቴ ጠረጴዛ ዙሪያ። በአንደበታችሁ የምትተማመኑ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉልኝ። ንግግሩ የሚመጣው ከሥራው በኋላ ነው።

ይህ አካሄድ የሚያስከፍለው ዋጋም ነበረ፤ እሱን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ጆርዳን በ1972 ወደ ኮንግረስ ለመግባት የበቁት ካርታው እንደገና ሲሠራ በተቀረጸው በ18ኛው የኮንግረስ ወረዳ ነው። በዚያው የካርታ ለውጥ ግን የቀድሞ የሴኔት ወረዳቸው ተከፋፈለ፤ የሂዩስተን ጥቁሮችም እስከ 1983 ድረስ በቴክሳስ ሴኔት ሌላ ጥቁር ተወካይ አልነበራቸውም። አንድ ጥቁር የምክር ቤት አባል ጆርዳን የራሳቸውን መንገድ ሲጠርጉ የሠፈሩን ወንበር አሳልፈው ሰጡ ብለው በአደባባይ ከሰሷቸው፤ ተወዳደሯቸውም። ከሥልጣን ጋር ተቀምጦ መደራደር ውጤት ያመጣል፤ ጥያቄም ያስከትላል። እኔ በጆርዳን አልፈርድም። የፖሊሲ ተማሪ ግን ሁለቱንም ወገን ሳያነብ ማለፍ የለበትም።

ጆርዳን በ1979 ከኮንግረስ ወጥተው ማስተማር ጀመሩ። ያስተማሩትም ኦስቲን፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሊንደን ጆንሰን የሕዝብ ጉዳዮች ትምህርት ቤት ነው፤ እንደሳቸው ያለውን ተማሪ ላለመቀበል ሌላ ዩኒቨርሲቲ እስከማሠራት ያደረሰው ያው ዩኒቨርሲቲ። በዊልቸር እየተንቀሳቀሱ፣ የሴቶቹን የቅርጫት ኳስ ቡድን ከሜዳው ዳር እየደገፉ፣ እስከሞቱበት እስከ 1996 ድረስ ለመጪዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች የፖለቲካ ሥነ ምግባርን አስተማሩ። ያን ያህል የምክር ቤት ልምድ ያላቸው ሴት ስለ ድምፅ አቆጣጠር ማስተማር ሲችሉ ሥነ ምግባርን መምረጣቸው ለእኔ ብዙ ይናገራል። ድምፅ መቁጠርን ሥራው ያስተምራል። ምን ላይ እምቢ እንደሚባል ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

የጆርዳንን የኮንግረስ ወንበር የወረሱት ሚኪ ሌላንድ ናቸው። በ1979 ዋሽንግተን ገቡ። በ1984 በተወካዮች ምክር ቤት ረኃብን የሚመለከት ልዩ ኮሚቴ እንዲቋቋም አደረጉ፤ ሰብሳቢም ሆኑ። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ያ ኮሚቴ ረቂቅ ሕግ የማቅረብ ሥልጣን አልነበረውም። ማጥናት፣ ምስክር መስማት፣ መጓዝ፣ መናገር ብቻ ነው የሚችለው። ሥልጣን የሌለው ኮሚቴ ሲሰጣቸው ብዙዎች ያኮርፋሉ። ሌላንድ ግን የቴክሳስ ልምዳቸውን አመጡ። ረቂቁን ሥልጣን ላለው ኮሚቴ ያዘጋጃሉ፤ የተቃራኒውን ፓርቲ አባላት አብረዋቸው እንዲጓዙ ያደርጋሉ፤ የተራበውን ሰው ያየ ሪፐብሊካን ተመልሶ ድምፅ ሲሰጥ ያየውን አይረሳም።

በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በዚያ ጊዜ ዋሽንግተን ለደርግ መንግሥት ፊቷን ያጠቆረች ናት። የምንልከው እህል ወታደራዊውን መንግሥት ያጠናክራል የሚለው ክርክር የዋዛ አልነበረም። ሌላንድ ሄደው ያዩትን ይዘው ተመለሱና በ1985 ለአፍሪካ ድርቅ ተጎጂዎች ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የምግብና የቁሳቁስ ዕርዳታ የሚፈቅደው ሕግ እንዲጸድቅ ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሆኑ። ያ እህል በየመጠለያው ስንት ሕፃን እንዳተረፈ ከእኛ አገር ሰው የተሻለ ማን ሊመሰክር ይችላል? አንዳንዶቻችሁ ወይም ወላጆቻችሁ ከዚያ ስንዴ ቀምሳችኋል።

ተማሪ ግን ምስጋናው ላይ አያቆምም። በዚያው ጊዜ ደርግ በሰፈራ ስም ሰዎችን ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ያግዝ ነበር፤ ከነሱም ብዙዎቹ በግድ የተወሰዱ ናቸው። የዕርዳታ ማከፋፈያው ሰዎች የሚለቀሙበት ቦታ የሆነበት ሁኔታ ነበር። ይህን በአደባባይ የተቃወመው የድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የፈረንሳይ ክፍል በ1985 መጨረሻ ከአገር ተባረረ። በመልካም ልብ የወጣ ሕግ መሬት ላይ ሲወርድ የሚያስፈጽመው ሌላ እጅ ነው። ስለዚህ የፖሊሲ ጥናት ስትሠሩ «ገንዘቡ ተፈቀደ» በሚለው ገጽ አትዝጉት። እህሉን ከመጋዘን ያወጣው ማነው? ስም ዝርዝሩን የያዘው ማነው? ከሰልፉ የተባረረውስ?

አንድ ነገር ልጨምር። ሌላንድ የሂዩስተን ወረዳቸው ብዙ ስፓኒሽ ተናጋሪ ስለነበረው ቋንቋውን ተማሩ። የድምፅ መስጫ ወረቀት በሁለት ቋንቋ እንዲቀርብ የሚያዝዘው የሕግ አንቀጽ ሲያከራክርም በተወካዮች ምክር ቤት ተነሥተው በስፓኒሽ ተናገሩ። አብዛኛው አባል አልገባውም፤ ሊያሳዩት የፈለጉትም ይህንኑ ነው፤ በማታውቀው ቋንቋ ስለ ራስህ መብት ሲወራ ምን እንደሚሰማህ። በእኛ አገር የምክር ቤት ሥራ ለመሥራት የምታስቡ ልጆች ከአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ሌላ አንድ ያገራችንን ቋንቋ ተማሩ። አፋን ኦሮሞ ይሁን፣ አማርኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሲዳምኛ፣ ምርጫው የእናንተ ነው። በአስተርጓሚ የሚሰማ አቤቱታ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከሌላንድ ሞት በኋላ የረኃብ ኮሚቴውን ቶኒ ሆል የሚባሉ የኦሃዮ ተወካይ ተረከቡ። ኮንግረሱ በ1993 ልዩ ኮሚቴዎችን ሲዘጋ ይህም አብሮ ተዘጋ። ሆል በተቃውሞ 22 ቀን ጾሙ። ኮሚቴው አልተመለሰም፤ በምትኩ በዚያው ዓመት የረኃብን ጉዳይ የሚያጠናና ወጣቶችን የሚያሠለጥን ማዕከል ተቋቋመ። ከማዕከሉ የሥልጠና መርሐ ግብሮች አንዱ በሚኪ ሌላንድ ስም የተሰየመ ሲሆን፣ አሠራሩ ወጣቱ መጀመሪያ መስክ ላይ ከገበሬውና ከተፈናቃዩ ጋር እንዲሠራ፣ ቀጥሎ ፖሊሲ በሚጻፍበት ቢሮ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ነበር። በቴክሳስ ሳዘርን ዩኒቨርሲቲም ዛሬ የሕዝብ ጉዳዮች ትምህርት ቤቱ የባርባራ ጆርዳንና የሚኪ ሌላንድ ትምህርት ቤት ተብሎ ይጠራል።

ከመሰነባበታችን በፊት ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ልስጥ። ከነጋሪት ጋዜጣ ወይም ከክልላችሁ ጋዜጣ አንድ አጠር ያለ አዋጅ ምረጡ። አንድ አንቀጽ ብቻ ውሰዱና ያ አንቀጽ የሚነካው ሰው ወደሚገኝበት ቦታ ሂዱ፤ ገበያም ይሁን፣ ጤና ጣቢያም ይሁን፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤትም ይሁን። አንቀጹ በወረቀት የሚለውና በመስኮቱ ላይ የሚሆነው ይገናኛሉ ወይ? ካልተገናኙ አንቀጹን በራሳችሁ ቃል እንደገና ጻፉት። ከዚያም የምክር ቤታችሁን የሥነ ሥርዓት ደንብ አውጡና ይህች የእናንተ ዓረፍተ ነገር ሕግ እንድትሆን በየትኛው ኮሚቴ ማለፍ እንዳለባት፣ ስንት ድምፅ እንደሚያስፈልጋት ከሥሯ ጻፉ። የጻፋችሁትን ላኩልን፤ ከመጡልን መካከል መርጠን በሚቀጥለው ዝግጅታችን እናነባቸዋለን።